የሻሎቷን እመቤት በእጅ መቅዳት፦ ከባዶ ሸራ እስከ ቫርኒሽ

ለንደን ውስጥ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ከፒምሊኮ ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ቴት ብሪተን የሚባል የሥዕል ሙዚየም አለ። ቋሚ ስብስቡን ለማየት መግቢያው ነፃ ነው። እዚያ ካሉት ሥዕሎች በአንዱ ላይ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጀልባ ውስጥ ተቀምጣለች። ረጅም ቀላ ያለ ጸጉሯ ተለቋል። አገጯን ቀና አድርጋለች። በቀኝ እጇ ጀልባውን የያዘውን ሰንሰለት ጨብጣለች፤ ልትለቀው ነው።

የሻሎት እመቤት ትባላለች። ይህን ሥዕል ሁለት ጊዜ በእጄ ቀድቼዋለሁ። የመጀመሪያው አልሆነልኝም። ሁለተኛው ግን ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ። የዘይት ቀለም ትንሽም ቢሆን ለሞከረ ሰው ይሆናል። ፈረሰኞች፣ ግንቦችና የጥንት እንግሊዝ ወይዛዝርት ያሉባቸውን ሌሎች ሥዕሎች ለመቅዳትም መንገዱ ያው ነው።

ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ ምን እንደምትቀዱ እወቁ። ሠዓሊው ጆን ዊሊያም ዋተርሀውስ ነው። የሣለው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ስለዚህ ይህ የመካከለኛው ዘመን ሥዕል አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሰው የመካከለኛውን ዘመን እንግሊዝ በሐሳቡ አይቶ የሣለው ነው። ልዩነቱ የምትገዙትን ዕቃ ሁሉ ይወስነዋል። በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ሠዓሊዎች በእንጨት ገበታ ላይ፣ በእንቁላል አስኳል በተለወሰ ቀለምና በወርቅ ቅጠል ይሠሩ ነበር። ለንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ የተሠራውና ዛሬ በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ያለው ባለሁለት ገበታ ሥዕል፣ የዊልተን ዲፕቲክ፣ እንደዚያ ነው። የእኛም የጥንት ገበታ ሥዕሎች ነጭ ልባጥ በተቀባ እንጨት ላይ መሠራታቸውን ሳስብ ዝምድናው ደስ ይለኛል። ዋተርሀውስ ግን ሸራ ላይ በዘይት ቀለም ነው የሠራው። እኛም እንደዚያው እንሠራለን።

ታሪኩ የመጣው ከአልፍሬድ ቴኒሰን ግጥም ነው። ግጥሙ መጀመሪያ በ1832 ወጣ፤ ገጣሚው አሻሽሎ በ1842 እንደገና አሳተመው። ሴትየዋ የምትኖረው በንጉሥ አርተር ከተማ በካሜሎት አቅራቢያ፣ ወንዝ መሀል ባለች ደሴት ላይ ነው። እርግማን አለባት፤ ወደ ካሜሎት በዓይኗ ማየት አትችልም። ዓለምን በመስታወት ውስጥ ታያለች፤ ያየችውንም ትሸምናለች። አንድ ቀን ፈረሰኛው ላንሰሎት በመንገዱ ሲያልፍ አላስቻላትም፣ ዞር ብላ አየች። መስታወቱ ተሰነጠቀ። ከግንቡ ወርዳ ጀልባ አገኘች፣ ስሟን ጻፈችበት፣ ሰንሰለቱን ፈታች። ካሜሎት ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞተች።

ይህን ሳታውቁ ብትቀዱ ዕቃዎቹ ዕቃ ሆነው ይቀራሉ። በጀልባው አፍንጫ በኩል ሦስት ሻማዎች አሉ፤ የሚበራው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ መጥፋታቸው ምን እንደሚል ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ከሻማዎቹ አጠገብ ስቅለቱ አለ። ከጀልባው ጎን ወደ ውሃው የተንጠለጠለው ባለሥዕል ጨርቅ እሷ ራሷ የሸመነችው ነው። በመስታወት ያየችው ዓለም ሁሉ እዚያ ጨርቅ ላይ አለ፤ አሁን ጫፉ ውሃ እየነካ ነው። እኔ ይህን ከተረዳሁ በኋላ ጨርቁን ለማስዋብ ብዬ መሣል አቆምኩ።

የመብቱን ነገር በአጭሩ ልበል። ዋተርሀውስ የሞተው በ1917 ነው። የእንግሊዝ ሕግ የሠዓሊን መብት ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ይጠብቃል፤ የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ለ50 ዓመት። ሁለቱም ካለፉ ቆይተዋል። ስለዚህ ሥዕሉን መቅዳትም ቅጂውን መሸጥም ትችላላችሁ። የምትጠቀሙበት ፎቶግራፍ ግን የራሱ የአጠቃቀም ደንብ ሊኖረው ይችላል፤ ከማውረዳችሁ በፊት አንብቡት።

ፎቶውን አትመኑት

ኢንተርኔት ላይ የዚህን ሥዕል ፎቶ ፈልጉና አምስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በአንዱ ውሃው ቡናማ ነው፣ በሌላው አረንጓዴ፣ በሦስተኛው ጥቁር ማለት ይቻላል። ቀሚሷ አንዱ ላይ ወርቃማ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ ይመስላል። የመጀመሪያው ቅጂዬ የተበላሸበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቢጫ የበዛበት ፎቶ ይዤ፣ እሱኑ አምኜ ጨረስኩት። ከዚያ ሙዚየም ሄጄ ዋናው ፊት ስቆም ቆዳዋን የገረጣ ሳይሆን የታመመ አድርጌ እንደሣልኩት ገባኝ።

ለንደን ያላችሁ ወይም የምታልፉ ከሆነ ሄዳችሁ እዩት። ሥዕሎች አንዳንዴ በውሰት ወደ ሌላ ቦታ ስለሚሄዱ፣ መኖሩን አስቀድማችሁ በሙዚየሙ ድረ ገጽ አረጋግጡ። እርሳስና ትንሽ ደብተር ያዙ። ደብተሩ ላይ ሥዕሉን ለመድገም አትሞክሩ። የቀለም ማስታወሻ ነው የምትጽፉት። በቃል ጻፉት፦ «ከጀልባው ሥር ያለው ውሃ ያልተቆላ ቡና ሲረጥብ»፣ «የቀሚሱ ጥላ፣ የአመድ ቀለም ሆኖ ሊልካ የነካው»። ዓይን የቀለም ትዝታን ቶሎ ይጥላል። ቃል ግን ይቆያል።

መሄድ የማትችሉ ደግሞ ሙዚየሙ ራሱ ያወጣውን ፎቶ ዋና ምስክር አድርጉ። ሌሎቹን ለዝርዝር ብቻ ተጠቀሙባቸው። ፎቶውን በስልክ ስክሪን ብቻ እያያችሁ አትሥሩ፤ የስክሪኑ ብርሃን ጥላውን ሁሉ ከእውነቱ በላይ ያፈካዋል። ደብዘዝ ባለ የፎቶ ወረቀት ላይ አሳትሙት።

ልኩ

ዋናው ቁመቱ 153፣ ወርዱ 200 ሳንቲ ሜትር ነው። ቤት ውስጥ ይህን ያህል የሚሠራ ጥቂት ነው። ሱቅ ከሚገኙት የተወጠሩ ሸራዎች 60 በ80 በጣም ይቀርበዋል። ግን ልክ አይደለም። ቁመቱ 60 ሲሆን ወርዱ መሆን ያለበት 78.4 ነው። የተረፈውን 1.6 ሳንቲ ሜትር ለመሙላት ብላችሁ ሥዕሉን አትለጥጡት። ሰው ሲለጠጥ ይታወቃል፣ በተለይ ፊት ላይ። በግራና በቀኝ 0.8 ተዉና የጀርባውን ቀለም ወደዚያ አስረዝሙት። አብዛኛውን ክፈፉ ይሸፍነዋል።

ከዋናው የተለየ ልክ መምረጥ ሌላም ጥቅም አለው። ወደፊት ማንም ሰው ቅጂውን ዋናው ነው ብሎ ሊያሳስት አይችልም።

ሸራውን ማዘጋጀት

ሱቅ ውስጥ ሸራውን በጣታችሁ መሀሉን ነካ አድርጉት። እንደ ከበሮ ሊመልስ ይገባል። ከኋላ በማዕዘኖቹ ላይ ትንንሽ የእንጨት ሽብልቆች የሚገቡበት ቀዳዳ መኖሩን እዩ፤ በኋላ ያስፈልጓችኋል።

ተቀብቶ የተሸጠ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም ይመጥጣል፣ ሸካራም ነው። ለፊትና ለእጅ ለስለስ ያለ ገጽ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ዙር የአክሪሊክ ጄሶ ጨምሩበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ለሠዓሊ የሚሸጠውን ጄሶ ማለቴ ነው። ለግድግዳና ለኮርኒስ የሚሆነው የሕንፃ ጄሶ ሸራ ላይ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። የመጀመሪያውን ዙር በአግድም፣ ሁለተኛውን በቁም ቀቡት። በየመሀሉ ሲደርቅ 220 ቁጥር በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሹት። ከዚያ አንድ ቀን ተዉት።

ነጭ ሸራ ላይ መጀመር ዓይንን ያታልላል፤ ማንኛውም ቀለም ነጭ ላይ ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ሮው አምበር የሚባለውን ቡናማ አክሪሊክ ከትንሽ የሎ ኦከር (አፈር መሰል ቢጫ) አክሪሊክ ጋር በውሃ አቅጥናችሁ ሸራውን በሙሉ ቀቡትና በጨርቅ ጥረጉት። ወተት የበዛበት ማኪያቶ ዓይነት ቀለም ሲቀር ይበቃል። አክሪሊክ በሰዓት ውስጥ ይደርቃል፣ በላዩም የዘይት ቀለም ይይዛል። በዘይት ቀለም ላይ ግን አክሪሊክ መቀባት በፍጹም አይሆንም።

ካሬዎቹ

ፎቶውን በኤ4 ወረቀት ላይ ቁመቱ 20፣ ወርዱ 26.1 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ አሳትሙት። የሸራው አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ፎቶው ላይ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ መስመር አስምሩ። ሸራው ላይ በየ6 ሳንቲ ሜትሩ። ወደ ላይ 10፣ ወደ ጎን 13 ካሬ ይወጣል፤ በአንዱ ጠርዝ ቀጭን ትራፊ ትቀራለች። በሸራው ላይ መስመሩን በነጭ የጠመኔ እርሳስ አስምሩ፤ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ተራ እርሳስ በስስ ቀለም ውስጥ አልፎ ሊታይ ይችላል።

አሁን ካሬ በካሬ ቅዱ። ስትቀዱ «ይህ እጅ ነው፣ ይህ ጀልባ ነው» አትበሉ። መስመሩ ካሬው ውስጥ የት ገባ፣ የት ወጣ? ያንን ብቻ ተከተሉ። ለፊቷና ለሁለቱ እጆቿ ካሬዎቹን እንደገና ለአራት ክፈሏቸው። ሸምበቆውን አንድ በአንድ አትሣሉ፤ የት ጥቅጥቅ እንዳለና የት እንደሳሳ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ሣሉና ወደ መስታወት ያዙት። ስህተት ያለበት ቦታ ወዲያው ይታያችኋል። ሸራውን ገልብጣችሁ ከፎቶው ጋር ማየትም ይረዳል። የጀልባዋን መስመር ያስተካከልኩት እንደዚያ ነው፤ ቀና አድርጌ ስመለከተው ለሳምንት አላየሁትም ነበር።

ብርሃንና ጥላ መጀመሪያ

መመሪያው ሁሉ ቢረሳ ይህ ክፍል እንዲቀርላችሁ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያው ሙከራዬ ከፊቷ ጀመርኩ። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል፤ የወደድነው እሱን ስለሆነ። ሦስት ሳምንት ፊቷ ላይ ቆየሁ። አማረ። ከዚያ ከኋላዋ ያለውን ጨለማ ዛፍ ስጨምር ፊቷ ከመጽሔት ተቆርጦ የተለጠፈ መሰለ። ፊት የሚያምረው ከአካባቢው ጋር ባለው ዝምድና ነው። አካባቢው ሳይኖር ፊት ምን ያህል ብሩህ መሆን እንዳለበት ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ መላውን ሥዕል በአንድ ቀለም ሥሩት። በርንት አምበር የሚባለውን ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በጥቂት ተርፐንታይን ወይም ሽታው በቀነሰ የሠዓሊ ማቅጠኛ አቅጥኑ። ለግድግዳ ቀለም የሚሸጠው አኳራጅ ብሩሽ ለማጠብ ይሆናል፣ ለሥዕሉ ግን የሠዓሊውን ግዙ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ፎቶውን እዩ። ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት ነገር ይቀራል፦ ከኋላ ያለው የዛፍ ጨለማና የጀልባው ጥቁረት፣ መካከለኛው የውሃና የሸምበቆ ቃና፣ መሀል ላይ ደግሞ ብቸኛው ብርሃን ቀሚሷ። እነዚህን ሦስቱን ብቻ አስቀምጡ። ጨለማውን ቀቡ። መካከለኛውን ሸራው ራሱ ይስጣችሁ። ብርሃኑን በጨርቅ ጠርጋችሁ አውጡት።

አራት እርምጃ ራቁና እዩት። ከሩቅ «እሷ ናት» ካስባለ ተሳክቷል። ካላስባለ ምንም ዓይነት ቀለም አያድነውም፤ ያኔውኑ አስተካክሉት። አምበር ቶሎ ከሚደርቁ ቀለሞች አንዱ ነው። ከአራት ቀን እስከ ሳምንት ቢሰጡት ለቀጣዩ ይደርሳል።

ቀለሞቹ

ብዙ ቱቦ አትግዙ። ቲታኒየም ነጭ፣ የሎ ኦከር፣ ሮው ሲየና፣ በርንት ሲየና፣ ሮው አምበር፣ በርንት አምበር፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ቪሪዲያን አረንጓዴ፣ አሊዛሪን ክሪምሰን (ቀለሙን የማይለቀውን ዓይነት)፣ ጥቂት ካድሚየም ቀይ፣ አይቮሪ ጥቁር። ይበቃል።

ስለ ነጩ አንድ ነገር። በ1888 ሠዓሊዎች ይጠቀሙ የነበረው የእርሳስ ማዕድን ነጭ ነው። መርዝ ስለሆነ አልመክርም። የእኛው ቲታኒየም ከዚያ ይበልጥ ይሸፍናል፣ ቀዝቃዛም ነው። ስለዚህ ነጭ በተጠቀማችሁ ቁጥር የመርፌ ጫፍ የምታህል የሎ ኦከር ጨምሩበት። ቀሚሷ የሆስፒታል ጋዋን እንዳይመስል የሚያደርገው ይህ ነው።

ሁለተኛው ሕግ፦ ከታች ያለው ንብርብር ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ያለው ዘይቱ የበዛ ይሁን። ዘይት የበዛበት ቀስ ብሎ ይደርቃል። ቀስ ብሎ በሚደርቅ ላይ ቶሎ የሚደርቅ ብትጭኑበት፣ የታችኛው ገና ሲንቀሳቀስ የላይኛው ደርቆ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በማቅጠኛ፣ ቀጥሎ ቀለሙን እንዳለ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት የተልባ ዘይት ጨምሮ። የሠዓሊ የተልባ ዘይት ይሁን፤ የምግቡ አይደለም።

ከሩቅ ወደ ቅርብ

ከኋላ ጀምሩ። ዛፎቹ፣ ከዚያ ውሃው፣ ከዚያ ሸምበቆው፣ ጀልባው፣ ጨርቁ፣ ቀሚሱ፣ ጸጉሩ። ፊትና እጅ ከዚያ በኋላ። ሻማው፣ ፋኖሱና ሰንሰለቱ መጨረሻ።

ዋተርሀውስ በዚያን ወቅት ከቤት ውጭ፣ ተፈጥሮ ፊት ቆመው የሚሠሩትን የፈረንሳይ ሠዓሊዎች መንገድ ይከተል ነበር። ስለዚህ መልክዓ ምድሩ ነፃ ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ሸምበቆው የብሩሽ ጭረት ነው፤ ራቅ ስትሉ ሸምበቆ ይሆናል። ብዙ ቅጂዎች የሚሞቱት እዚህ ነው፦ ቀጂው እያንዳንዱን ቅጠል ይቆጥራል። እናንተ አትቁጠሩ። ጠጉሩ ረጅምና ቀጭን የሆነ ብሩሽ ያዙ፣ ቀለሙን ፈሰስ አድርጉት፣ ከሥር ወደ ላይ በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። ጥቂቶቹን በቀለም ቢላዋ ጠርዝ አትሟቸው። አስቀድማችሁ ሌላ ወረቀት ላይ ሃምሳ ጊዜ ተለማመዱ።

ውሃውን በአግድም ጭረት ሥሩ። የነጩ ቀሚስ ነጸብራቅ ውሃ ውስጥ ነጭ አይደለም፤ ከቀሚሱ ይጨልማል። የጀልባው ነጸብራቅ ደግሞ ከጀልባው ትንሽ ይፈካል። ይህን ብቻ ብትጠብቁ ውሃው ውሃ ይሆናል። ወቅቱ መኸር መሆኑን አትርሱ፤ ለምለም አረንጓዴ የትም አታስገቡ። ቪሪዲያንን በበርንት ሲየና ግደሉት።

ጨርቁ ጊዜ ይፈልጋል። በላዩ ክብ ክብ ሥዕሎች አሉ፣ ፈረሰኞችም አሉባቸው። መጀመሪያ ክቦቹን የሚሥል ይሳሳታል። ጨርቁ ተጣጥፎ ስለተንጠለጠለ ክቦቹም አብረው ታጥፈዋል፤ አንዳንዱ ግማሹ የለም። መጀመሪያ ጨርቁን ያለ ሥዕል፣ በእጥፋቱና በጥላው ብቻ ሥሩት። ሲደርቅ ክቦቹን በእጥፋቱ ላይ አስኪዷቸው። ያም ሲደርቅ አልትራማሪንና በርንት አምበርን በተልባ ዘይትና በማቅጠኛ አቅጥናችሁ፣ እንደ ሻይ ግልጽ አድርጋችሁ፣ ጥላ ያለባቸውን ቦታዎች ባንድ ላይ ሸፍኑ። ግሌዝ የሚሉት ይህንን ነው። ክቡም ጨርቁም በአንድ ጥላ ሥር ሲገቡ ጌጡ የተለጠፈ መምሰሉን ያቆማል። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ለአራት ቅዳሜዎች ቆይቻለሁ፤ ከሥራው ሁሉ በጣም የወደድኩትም እሱን ነበር።

ቀሚሱ ነጭ ቢባልም አብዛኛው ነጭ አይደለም። ግራጫ፣ ክሬም፣ ደብዛዛ ሊልካ ነው። ንጹሑን ነጭ ለሁለት ሦስት ቦታ ብቻ አስቀሩት። ሁሉም ቦታ ብታፈሱት የሚያበራ ነገር አይኖርም።

ፊቷ ላይ ትንሽ ብሩሽና ትዕግሥት። አገጯ ቀና ማለቱ፣ ከንፈሯ በጥቂቱ መከፈቱ፣ ዓይኖቿ አጠገቧ ያለውን ነገር አለማየታቸው፤ ሐዘኗ ያለው እዚያ ነው። እንባ ጨምሮ የሣለ አይቻለሁ። ዋናው ላይ እንባ የለም፣ አያስፈልግምም። ለቆዳዋ ነጭ፣ የሎ ኦከርና ትንሽ ካድሚየም ቀይ ቀላቅሉ። ብርሃን ወደ ጥላ በሚዞርበት ቦታ ላይ ጥቂት ቪሪዲያን የነካው ግራጫ አስገቡ። ያ አረንጓዴ ግራጫ ከሌለ ፊቷ እንደ አሻንጉሊት ይቀላል። ጠርዞቹን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ዳሰስ አድርጉ፤ ፊት ላይ ስለታም ጠርዝ ጥቂት ነው።

ሰንሰለቱን የያዘችበት እጅ ከፊቷ እኩል ይከበር። ጥብቅ አድርጋ የያዘች አስመስላችሁ ብትሥሉት ታሪኩ ይገለበጣል፤ ልትለቅ ነውና። ጣቶቹ ላላ ይበሉ።

የሚበራውን ሻማ መጨረሻ ላይ አስቀምጡ። አንድ ጠብታ ወፍራም ቀለም፣ ነጭ ከየሎ ኦከር ጋር። አንዴ ነክታችሁ እጃችሁን አንሱ።

የፈረሰኛ ሥዕል ለምትመርጡ

ብዙ ሰው ኤድመንድ ብሌር ሌይተንን ይወዳል፤ በ1900 የሣለው «ጎድ ስፒድ» እና በ1901 የሣለው «ዘ አኮሌድ» በእጅ ከሚቀዱት መካከል በጣም የሚፈለጉ ናቸው። እሱም በ1922 ስለሞተ የመብት ችግር የለም። የእሱ አሠራር ከዋተርሀውስ ይለሰልሳል፣ ዝርዝሩም ይበዛል። አስቸጋሪው ከብረት ቀለበት የተሠራው ልብስ ነው። ቀለበቱን አትሣሉ። መጀመሪያ ክንዱን እንደ አንድ ጥቁር ግራጫ ቅርጽ፣ ብርሃኑና ጥላው ተለይቶ፣ ሥሩት። ሲደርቅ በትንሽ ብሩሽ ረድፍ በረድፍ አጫጭር ቅስቶችን አስገቡ፤ ረድፎቹ የክንዱን ክብነት ይከተሉ። ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ደመቅ ያሉ ነጥቦች ጨምሩ። ጥላው ውስጥ ቀለበቶቹ ይጥፉ።

ጨርቁን ሶፋ ላይ አትጣሉ

የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ሲቀመጥ በራሱ ሊሞቅና እሳት ሊነሳበት ይችላል። ሲደርቅ ከአየር ጋር ስለሚዋሃድና ሙቀት ስለሚፈጥር ነው። በጣም የምጠነቀቅበት ነገር ይህ ነው፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት። ሥራ ስትጨርሱ ጨርቁን ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት፣ ወይም ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። መስኮት ክፈቱ። ማቅጠኛውን ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አትድፉ፤ ጠርሙስ ውስጥ አቆዩት፣ ቀለሙ ይዘቅጥና ከላይ ያለውን እንደገና ትጠቀሙበታላችሁ።

ከዋናው ፈርማ ራቁ

የዋተርሀውስን ፈርማ አትቅዱ። ቅጂና ሐሰተኛ ሥራ የሚለዩት እዚህ ነው። ከሸራው ኋላ በግልጽ ጻፉ፦ «ከጆን ዊሊያም ዋተርሀውስ ሥራ (1888) የተቀዳ»፣ ቀጥሎ ስማችሁንና ዓመቱን። ከፊት ስማችሁን ማስቀመጥ ከፈለጋችሁም ጥግ ላይ በትንሹ ይሆናል። የምትሸጡት ከሆነ ለገዢው በአፍ መናገር ብቻ አይበቃም፣ ደረሰኙ ላይም «ቅጂ» ተብሎ ይጻፍ።

እናንተ ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ በእጅ የተሣለ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ በእጅ አልተሣለም። ማተሚያ ላይ ታትሞ በላዩ ግልጽ ወፍራም ቅባት የተለቀለቀበት አለ። በማጉያ መነጽር እዩት፤ ትንንሽ የቀለም ነጠብጣቦች ከታዩ ሕትመት ነው። የብሩሹ ሸካራነት ከሥዕሉ ቅርጽ ጋር መሄዱንም ተመልከቱ። ጭረቱ ወደ ጎን ሸምበቆው ወደ ላይ ከሆነ ተጠራጠሩ። ካዘዛችሁ በኋላ ሥራው መሀል ላይ ሲደርስ ፎቶ እንዲላክላችሁ ጠይቁ፤ በእጁ የሚሠራ ሰው ይህን ለማሳየት አይቸገርም።

ማድረቅ፣ ቫርኒሽ፣ መስቀል

ሲነኩት እጅ አለመያዙ ደርቋል ማለት አይደለም። ስስ ቦታው በሁለት ሳምንት ይደርቅ ይሆናል፤ ወፍራሙ ወራት ይፈልጋል። የተለመደው ቫርኒሽ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠብቅ። እስከዚያ አንዳንድ ቦታ ፈዝዞ ሌላው የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ለጊዜያዊ የሚሆነውን ሪታች ቫርኒሽ በስሱ መቀባት ይቻላል። ዋናውን ስትቀቡ ሸራውን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ሂዱ፣ የሄዳችሁበትን ደግማችሁ አትመለሱበት።

ሩቅ አገር የምትልኩት ከሆነና መጠቅለል ግድ ካለ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ብቻ፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ሰፋ ባለ ቱቦ ላይ ይጠቅለል። ቀለሙ ወደ ውስጥ ከሆነ ይጨመቅና ይሰነጠቃል።

ቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ፣ ከምድጃ አጠገብ ወይም ዕጣን በየቀኑ የሚጨስበት ጥግ ላይ አትስቀሉት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሸራው ላላ ብሎ ማዕዘኑ ላይ መጨማደድ ካሳየ አትደንግጡ። ከኋላ ያሉትን ሽብልቆች በትንሽ መዶሻ፣ አንዱን ማዕዘን ከሌላው ሳታስበልጡ፣ ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ አድርጓቸው። እንደገና ይወጠራል።